የሰማ ላልሰማ ያሰማ
የገበያ ወሬ፣ ሬዲዮና የእጅ ስልክ በገበሬው መንደር

በደጋው አገር የገበያ ቀን ሲደርስ ገበሬው ወደ ገበያ የሚወርደው ለመሸጥና ለመግዛት ብቻ አይደለም። እህሉን አራግፎ፣ ጨውና በርበሬውን ሸምቶ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ከወዳጅ ዘመዱ ጋር ቆሞ ይጠያየቃል። በወዲያኛው ቆላ ዝናቡ እንዴት ሰነበተ? የበሬ ዋጋ ስንት ገባ? የእነእገሌን ማሳ ምን ነካው? እነዚህ ጥያቄዎች የጨዋታ ማሟያ አይደሉም። የዘር፣ የአረምና የአጨዳ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው እንዲህ ባለው ወሬ ላይ ነው።

ዛሬ በዚያው ገበያ ላይ የብዙው ሰው ኪስ የእጅ ስልክ ይዟል። ሬዲዮው በስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ አጭር መልእክት ይመጣል፤ መረብ በደረሰበት ቦታ ወጣቱ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ይቀባበላል። ይህም ሆኖ የገበያው ወሬ አልተቋረጠም። ገበሬው በስልክ የሰማውን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ከጎረቤቱ የሰማውን ደግሞ በስልክ ያጣራል። ለገበሬ ማኅበርና ለቀበሌ መሪዎች ሊያሳስብ የሚገባው ጉዳይ እንግዲህ አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ የሚለው አይደለም። ሁለቱ እንዴት ተጋግዘው እውነተኛውን ቃል በሰዓቱ ለሁሉም ያድርሱ የሚለው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ በሦስት ቀን ሲዘገይ ወይም ተጣሞ ሲደርስ የዓመት ልፋት ሜዳ ላይ ሊቀር እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋልና።

ከነጋሪት እስከ ሬዲዮ

በቀደመው ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ወደ ገጠሩ ሕዝብ ይደርስ የነበረው በአዋጅ ነጋሪ አማካይነት ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት የገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጁ ከተነገረ በኋላ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባል ነበር። ነጋሪው ድምፁ ከገበያው ሜዳ እንደማያልፍ ያውቃል። ቀሪውን መንገድ መልእክቱን ተሸክሞ የሚሄደው ሰሚው ራሱ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ወደ መንደሩ ሲመለስ በበኩሉ ነጋሪ ይሆናል ማለት ነው።

ሬዲዮ ሲመጣም ይህ አሠራር አልጠፋም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ወሬው በሬዲዮ ተሰማ። ሬዲዮ ግን በየቤቱ አልነበረም። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ተማሪዎችና መምህራን የአዋጁን ቃል በየመንደሩ ያስረዱ ነበር፤ ገበሬውም በዛፍ ጥላ ሥር እየተሰበሰበ ይወያይበት ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ደብዳቤና ጋዜጣ ማንበቡ እየተስፋፋ ሄደ። ዛሬ የልጅ ልጅ በአያቱ ስልክ የገባውን አጭር መልእክት ሲያነብ የሚታየው ያው ልማድ ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ መሣሪያ ያሰማል፣ ሰው ያስረዳል፣ ጉባኤ ይወስናል የሚለው ሥርዓት እንዳለ ነው።

8028

በ2006 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ጥሪው ከክፍያ ነጻ ሆኖ ተጀመረ። ደዋዩ በመጀመሪያ ቋንቋውን ይመርጣል፤ ቀጥሎ የሰብሉን ዓይነት፣ ከዚያም ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ ወይም ስለ ምርት አያያዝ የሚፈልገውን ቁጥር እየተጫነ በድምፅ የተቀዳውን ምክር ያዳምጣል። ካልገባው ደግሞ ደጋግሞ ይሰማል። መስመሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ሥራውን ጀምሮ በኋላ ሌሎች ቋንቋዎችም ተጨምረውበታል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎች ያስተናገደ ሲሆን፣ በሽታ ወይም ተባይ ሲነሳ ለተመዘገቡ ገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ማስጠንቀቂያ ለመላክም አገልግሏል።

የዚህ መስመር ትልቁ ጥቅም ማንበብ የማይችለውም ሰው ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። ጉድለትም አለው። በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የደዋዩን ማሳ አያይም። የተክሉ ቅጠል ቢጫ የሆነው በውኃ ብዛት ይሁን በማዳበሪያ እጥረት ወይም በበሽታ፣ ስልኩ ሊለይ አይችልም። ማሳውን አይቶ የሚለየው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ወይም ይህንኑ ችግር አምና ያየው ጎረቤት ነው።

የዋግ ትምህርት

የወሬ ነገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለመረዳት የስንዴን ዋግ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ2002/2003 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ተነሥቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሄክታር አጠቃ። በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ጋላማ የተባሉ ዝርያዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም ብዙ ገበሬ ወደ እርሱ ዞረ። ወሬው እውነት ነበር። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መኸር በባሌና በአርሲ የመጣው ሌላ ዋግ፣ ማለትም ግንዱን የሚመታው ዋግ ሆነና ዲገሉን አጠቃው። በአንዳንድ ማሳዎች ምርቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። «ይህ ዘር ቢጫ ዋግን ይቋቋማል» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ይህን ዘር ዋግ አይነካውም» ወደሚል ሊያጥር ይችላል። በወሬ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚወድቀው ትንሿ ቃል ናት፤ ገበሬውን የምታድነው ግን ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ቢጫው ዋግ በቅጠሉ ላይ እንደ መስመር ተሰልፎ የሚታይ ቢጫ ዱቄት ነው። የግንዱ ዋግ ደግሞ የሸክላ መልክ ያለው፣ የግንዱን ቆዳ ቀድዶ የሚወጣ ነው። ስለዚህ «ዋግ ገባ» ብሎ ለሚነግር ሰው የሚቀርበው ቀጣይ ጥያቄ «የትኛው ዋግ? በቅጠሉ ነው ወይስ በግንዱ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

በኋላ በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ አገር የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትና ሌሎችም ተባብረው የዋግ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግተዋል። የዋግ ብናኝ በነፋስ ይጓዛል፤ በቅጠል ላይ አርፎ የሚበቅለው ደግሞ ርጥበት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በመስክ ከተገኘው የበሽታ ምልክት፣ ከነፋሱ አቅጣጫና ከአየሩ ጠባይ ተነሥቶ በሽታው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይተነበያል። ጤዛና ጉም በበዛበት ዓመት ስንዴ እንደሚመታ ነባር ገበሬ የሚያውቀው ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አለው። ትንበያው ግን ከማሳ የሚነሣ ነው። በመስክ የታየው ካልተነገረ የሚሰላ ነገር የለም።

ተምች የተባለው ሁሉ ተምች አይደለም

ሁለተኛው ምሳሌ በ2009 ዓ.ም. የታየው ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ተምች በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ታይቶ ብዙ ሳይቆይ ወደ አብዛኛው በቆሎ አብቃይ አካባቢ ተዛመተ። የኢትዮጵያ ገበሬ ተምችን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ነባሩ ተምች እንደ ሠራዊት ተሰልፎ ይመጣል፣ ሣርና ሰብል ይበላል፣ ከዚያም ይሄዳል። «ይመጣል፣ ያልፋል» የሚለው ዕውቀት ለነባሩ ተምች ልክ ነው። ለአዲሱ ግን ልክ አይደለም። አዲሱ ቀን ቀን በበቆሎው እምብርት፣ ገና ያልተዘረጉት ቅጠሎች በተጠቀለሉበት ቦታ ተወትፎ ይውላል። ሴቷ የእሳት ራት በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በአንድ ሌሊትም ረዥም ርቀት ትበራለች። በቆሎ ዓመቱን ሙሉ በሚገኝበት የመስኖ አካባቢ ተባዩ አንድ ጊዜ ከገባ ትውልድ በትውልድ እየተተካ ይቀመጣል።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የአሜሪካው ተምች በራሱ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል የሚመስል፣ እንደ ባላ እንጨት የተሰነጠቀ ነጣ ያለ መስመር አለው። በጭራው በኩል ከመጨረሻው ቀጥሎ ባለው ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተደርድረው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ምልክት በቃል ብቻ ሲነገር ይረሳል። አንድ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ በአንድ ስልክ ላይ ቢኖርና በስብሰባ ቦታ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር ግን ማንም አይረሳውም። በአንጻሩ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም፣ ማሳን በሳምንት ሁለት ጊዜ መፈተሽ፣ ጧት ወይም ማታ ትሉ ሲወጣ መከታተል በስልክ የሚሠራ አይደለም። የደቦ ሥራ ነው፤ ደቦ የሚጠራውም በነባሩ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት አንድ ነገር መነሣት አለበት። በገበያ ወሬ ወይም ምንጩ ባልታወቀ የስልክ መልእክት የተነገረ መድኃኒት መጠኑና ጊዜው ሳይታወቅ ቢረጭ ሰውንና ከብትን ይጎዳል። አበባ ላይ በደረሰ ሰብል በቀትር የሚረጭ መድኃኒትም ንብ ይፈጃል። ስለዚህ ርጭት ሲወሰን ቀኑና ሰዓቱ ለንብ አናቢዎች አስቀድሞ መነገር ይኖርበታል። ይህን የመሰለው መልእክት ከአዲስ አበባ አይመጣም። መንደሩ ለራሱ የሚያውጀው አዋጅ ነው።

አንበጣው ያደረበት ቦታ

ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገሪቱን ሲወር፣ ወረራው በ25 ዓመታት ውስጥ ከታዩት የከፋ ነበር። አንድ መንጋ በነፋስ እየተረዳ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ሕዝቡ በጩኸት፣ በጅራፍ፣ በቆርቆሮና በጭስ ከማሳው ለማራቅ ደክሟል። ይህ ድካም የአንዱን ማሳ ለጊዜው ሊያድን ቢችልም መንጋውን ወደ ጎረቤት ማሳ ከማስተላለፍ አልፎ አያጠፋውም።

መንጋውን ለመርጨት ምቹ የሚሆነው አንበጣው ሌሊቱን ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ አድሮ ፀሐይ ሳታሞቀው፣ ገና ሳይነሣ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ «አንበጣ መጣ» የሚለው ሳይሆን «አንበጣው ዛሬ ማታ እዚህ ቦታ አረፈ» የሚለው ነው። ይህን ወሬ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በከተማ ቢሮ የተቀመጠ አይደለም። ከብቶቹን እየነዳ ሲመለስ ያየው እረኛ ነው። እረኛው ከተራራ ወደ ተራራ ይጣራል፤ የሰማው ለማኅበሩ መሪ ይነግራል፤ መሪው ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይደውላል፤ ጽሕፈት ቤቱም ለሊቱን ለርጭት ቡድኑ ያስታውቃል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጩኸት አሮጌ፣ ስልክም አዲስ ቢሆኑም አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። እረኛው ሳይጠየቅ ያደረበት ሌሊት የረጪው ቡድን ባዶ ሜዳ የሚደርስበት ጧት ይሆናል።

ዋጋን በሚመለከት

በዋጋም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የዕለቱን ዋጋ በገበያ ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ማሰማት ጀምሮ ነበር። ይህ ዓይነቱ ዜና ቡናና ሰሊጥ አምራቹ ነጋዴው የነገረውን ብቻ ይዞ እንዳይቀር ይረዳዋል። ይሁንና በስልክ የተሰማው ዋጋ በከተማ የተሸጠ፣ ደረጃ የወጣለት ምርት ዋጋ ነው። ከዚህ ላይ የማጓጓዣ፣ የማበጠሪያና የመጫኛ ወጪ ይነሣል። የማን ሚዛን እንደሚያጎድል፣ ማን በዕለቱ ገንዘብ እንደሚከፍል፣ ማን በዱቤ እንደሚያጉላላ ደግሞ ስልኩ አይናገርም፤ ጎረቤት ይናገራል። የከተማውን ዋጋ በስልክ፣ የገዢውን ጠባይ በጎረቤት የጠየቀ ገበሬ አይታለልም።

በዓይን የታየ ትምህርት

በብዙ ወረዳዎች ሌላም አዲስ መንገድ ተሞክሯል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን በአካባቢው ገበሬዎች የተሠሩ አጫጭር ቪዲዮዎችን በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሳያ ለገበሬ ቡድኖች ሲያሳይ ቆይቷል። በቪዲዮው የሚታየው ባለሥልጣን ወይም ተዋናይ ሳይሆን ያው የአካባቢ ገበሬ በራሱ ማሳ ሲሠራ ነው። ተመልካቹ «ይህ የኛ ሰው ነው፤ አፈሩም የኛ አፈር ነው» ብሎ ስለሚያምን ትምህርቱ ይገባዋል። ትዕይንቱ ሲያልቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጥያቄ ይቀበላል። ጥያቄው ነው ዋናው ክፍል። ለምሳሌ ጤፍን በመስመር መዝራት ዘርን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ጉልበት ይፈጃል። ገበሬው «ዘሩ ቀነሰልኝ፤ የቀን ሠራተኛ ግን ከየት ላምጣ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ያ ጥያቄ ወደ ላይ መድረስ አለበት። ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ወሬ ትእዛዝ እንጂ ትምህርት አይሆንም።

ስልክ የሌለው ሰው

አዲሱ መንገድ የሚያስቀራቸው ሰዎች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። በአንድ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ሲኖር ስልኩ በአብዛኛው የሚውለው በአባወራው ኪስ ነው። እርሱ ገበያ ወይም ለቅሶ ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ዘሩን የምታበጥረው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው፣ አረሙን የምታርመው ባለቤቱ ግን መልእክቱን አትሰማም። በእማወራ የሚተዳደሩ ቤቶችና አረጋውያንም በዚሁ ሁኔታ ላይ ናቸው። መብራት በሌለበት መንደር ስልክ የሚሞላው በገበያ ቀን ወይም በጎረቤት የፀሐይ ኃይል ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ብቻ የሆነበት ቀበሌም ብዙ ነው። ስለዚህ «መልእክቱ ተልኳል» ማለትና «መልእክቱ ደርሷል» ማለት አንድ አይደሉም።

ማኅበሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ይህን ሁሉ ለማቃናት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ማኅበሩ በእጁ ባለው ነገር ሊጀምራቸው የሚችሉ ተግባሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከየጎጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የወሬ ኃላፊ ሆነው ይመረጡ። ማንበብ የሚችሉና ስልክ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ሥራቸው የሬዲዮውን የግብርና ፕሮግራም መስማት፣ በ8028 መደወልና የሰሙትን በመዝገብ መያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ የመጣው መልእክት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ይነገር። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ፣ በእድር ስብሰባ፣ በውኃ መቅጃና በወፍጮ ቤት አጭር ጊዜ ቢሰጠው ስልክ የሌለው ሰው አይቀርም። በውኃ መቅጃና በወፍጮ ቤት የሚነገረው ለሴቶች በቀጥታ ይደርሳል። አስቸኳይ ለሆነው ነገር የእድሩን ጡሩንባ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ሕዝቡ ለለቅሶ እንዳይመስለው የአነፋፉ ልዩነት አስቀድሞ መነገር አለበት።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም አስደንጋጭ ወሬ ከመሰራጨቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል? የት ነው? መቼ ነው? በቴሌግራምና በፌስቡክ የመጣ ፎቶግራፍም ቢሆን ከሌላ አገር ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ የት እንደተነሣ አይናገርም፤ ተጠያቂ የሚሆነው ያስተላለፈው ሰው ነው።

አራተኛ፣ ወሬው ወደ ላይም ይላክ። በማሳ ላይ የታየ አዲስ በሽታ ወይም ተባይ ከእነፎቶግራፉ፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር በዕለቱ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይድረስ። ፎቶግራፍ ማንሳት የማይቻል ከሆነ የታመመውን ተክል ከማሳ ወደ ማሳ ይዞ ከመዞር ሠራተኛውን ወደ ማሳው መጥራት ይሻላል፤ በሽታን በእጅ ማጓጓዝ አይገባምና።

አምስተኛ፣ የመዝገቡ ደብተር በየዓመቱ መጨረሻ ይነበብ። ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ ዋግ መቼ ታየ፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ እውነት ሆነ፣ የትኛው ወሬ ሐሰት ነበር የሚለው ተጽፎ ከተገኘ ለሚቀጥለው ዓመት የራስ ዕውቀት ይሆናል። የሽማግሌ ትዝታና የደብተሩ ጽሑፍ ሲደጋገፉ ከየትኛውም የሩቅ ምክር ይልቅ ለአካባቢው ይቀርባሉ።

እነዚህ ተግባሮች አዲስ አይደሉም። የዛሬው ነጋሪ ስልክ ይሁን ሬዲዮ፣ ድምፁ የሚደርስበት ሜዳ ወሰን አለው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ዛሬም በሰሚው እግር የሚኬድ ነው። ማስጠንቀቂያው በአባወራው ኪስ ውስጥ ተኝቶ ስንዴው በዋግ የተመታበት መንደር፣ አልተነገረውም ሊባል አይችልም። ሰምቶ ያላሰማ ሰው ነበረበት።